የአስናቀ በሬ

በዚያ ዓመት ውርጩ በጥቅምት ወረደ። ገብሱ ገና ወተት ነበር። ማታ አረንጓዴ የነበረው ማሳ ጠዋት ነጭ ሆኖ አደረ፤ ፀሐይ ሲነካው ደግሞ ጠቆረ። የድንቹ ቅጠል በእሳት እንደተለበለበ ሆነ። በኅዳር በጎች አለቁ። በታኅሣሥ ሰው የዘር እህሉን በላ። በጥር ብዙ ቤት ተዘጋ፤ ባለቤቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው በገሳይ በኩል ወደ ቆላ ወረዱ። ከጉና ሥር ባለው በዚያ መንደር የቀረው መሄጃ አቅም ያጣ ሰው ነው፤ አለዚያም ሚስቱ እርጉዝ የሆነችበት።

የጌጡ ሚስት እርጉዝ ነበረች።

ጥሩወርቅን በየካቲት ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አምጣ አልሆን አላት። በቃሬዛ ገሳይ አወረዷት፤ ከገሳይ በጭነት መኪና ደብረ ታቦር ሆስፒታል ገባች። ለመኪናው፣ ከውጭ ለሚገዛው መድኃኒት፣ ለአስታማሚው ማደሪያ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ጌጡ ያለው አንድ በሬ ነው፤ እሱም ከውርጩ ወዲህ አጥንቱ ስለወጣ ቀና ብሎ የሚያየው ገዢ አልነበረም። የጎረቤቱ የአስናቀ በሬ ይሻል ነበር። ሁለቱ ሰዎች መቀናጆ ነበሩ፤ አንድ አንድ በሬያቸውን አጣምደው ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን መሬት ያርሱ ነበር። አስናቀ ሚስቱን ዓይናለምን እንኳ ሳያማክር በሬውን ገሳይ ገበያ አውርዶ ሸጠ። ገንዘቡን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ እስከ ሆስፒታሉ በር በእግሩ መጣ።

«በሬህን በሬ አድርጌ እመልስልሃለሁ» አለው ጌጡ።

«ገንዘብ እንዳታመጣልኝ። ገንዘብ ይበላል። በሬ አምጣልኝ፤ እንደዚያኛው ቀይ ይሁን» አለ አስናቀ።

ጥሩወርቅ ዳነች። የተወለደችው ልጅ ፍቅርተ ተባለች። ወረቀት አልተጻፈም፤ ምስክርም አልተጠራም። በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልግም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደጉም ክፉውም ዓመት እየተፈራረቀ ሄደ። እጅ ሲያጥረው ጌጡ «ዘንድሮ አልሆነልኝም» ይል ነበር። እጁ ዘርዘር ሲል ደግሞ መጀመሪያ ለራሱ ሁለተኛ በሬ ገዛ፤ ጥማድ የሌለው ሰው በምን አርሶ ዕዳ ይከፍላል? ቀጥሎ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ። ቀጥሎ ፍቅርተ ትምህርት ቤት ገባች። አስናቀ ግን አልጠየቀም። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ እየተቀበለ፣ ክረምት ክረምት መተማ ወርዶ የሰው ሰሊጥ እያረመ ኖረ። ከቆላ ሲመለስ በጌጡ ደጅ ያልፋል። «ደህና ከረማችሁ?» ይላል። ግቢው ውስጥ የቆሙትን ሁለት በሬዎች አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ጌጡም የአስናቀን ዓይን አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ፍቅርተ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት እንዲህ ተኖረ።

ከመንደሩ በላይ አንድ ሸንተረር አለ። ጥሩወርቅ ሣር ልታጭድ እዚያ ስትወጣ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በምዕራብ በኩል አንድ ነጭ ክር ይታያታል። ጣና ነው። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ «ያ ነጭ» ትለዋለች። ወደ እሱ ሄዳ አታውቅም። ከመንደሯ የራቀችው ደብረ ታቦር ድረስ ነው፤ ያውም በቃሬዛ። ከሁለት ዓመት በፊት ያ ነጭ ጠፋባት። መጀመሪያ ደመና መስሏት ነበር። ቆይቶ በመርፌ ክር ማስገባት፣ ከዚያም ሰው መለየት ሲያቅታት ጌጡ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። የዓይን ነርቭ ነው አሉ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል። ጠብታ ሰጧት።

መንገድ ላይ አላለቀሰችም። «ያን ነጭ ሳልጠጋው» አለች።

ጌጡ ይህችን ቃል ይዟት ከረመ።

ፍቅርተ ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ የጤና ኮሌጅ ትማር ነበር። አንድ እሑድ ስትመጣ ወሬ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ገሳይ ያለው የቁጠባ ማኅበር ሽልማት አውጥቷል። የቤተሰብ ሽርሽር።»

«ሽርሽር ምንድን ነው?»

«ሥራ ሳይኖርህ መሄድ ነው።»

«ለለቅሶ?»

«ለቅሶም ሠርግም ሳይኖር። ዝም ብሎ መሄድ።»

«ስለትም ሳይኖር?» አለች ጥሩወርቅ ከጓዳ። «እብድ ነው እንዴ ሰውየው?»

ሦስቱም ሳቁ። ነገሩ ግን እውነት ነበር። ከሐምሌ እስከ ሰኔ በየወሩ ሳያቋርጥ ለቆጠበ ነጥብ ይያዝለታል። አዲስ አባል ላመጣ ሌላ ነጥብ ይጨመርለታል። ከመካከል ገንዘቡን ያወጣ ነጥቡ ሁሉ ይሰረዛል። ሰኔ ሠላሳ ብዙ ነጥብ ያለው ቤተሰብ በማኅበሩ ወጪ ባሕር ዳር ይወሰዳል፤ ሁለት ሌሊት ሆቴል ያድራል፤ በጀልባ ጣናን ያያል። የቆጠበው ገንዘብም ሳይነካ እጁ ይገባል።

ጌጡ ሌሊቱን አሰበበት። ዓመት ሙሉ የሚቆጥበው አንድ ደህና በሬ ይገዛል። ሽልማቱ ለጥሩወርቅ ዓይን፣ ገንዘቡ ለአስናቀ። በአንድ ዓመት ከሁለቱም ነጻ ይወጣል። ጠዋት ሲነሣ በራሱ ብልሃት ተደንቆ ነበር።

ሐምሌ ላይ ጀመረ። ድንች ሸጠ፤ ሙክቱን ሸጠ። ገበያ ውሎ ሻይ ሳይጠጣ ይመለሳል። የተቀደደ ጫማውን በሽቦ አሰረ። ጎረቤቱን ይሻውን አባል አደረገ፤ የክርስትና አባቱን ልጅ አባል አደረገ። የማኅበሩ ሠራተኛ ሀብታሙ ገና ከሩቅ ሲያየው ይስቃል።

«አያ ጌጡ፣ አገሩን ሁሉ አስገቡት እኮ! ሊቀ መንበር ሊሆኑ ነው መሰል።»

«ነጥቤን ብቻ በትክክል ያዝ።»

ሚያዝያ ሲገባ የሚሸጥ ነገር አለቀ። የቀሩት ሁለቱ በሬዎች ናቸው። እነሱን መሸጥ አይሆንም፤ ማከራየት ግን ይሆናል። ጥማድ የሌለው ሰው በአገሩ ሞልቷል። ጌጡ የግንቦትን ቀኖች አንድ በአንድ ለሰው ሰጠ። ዋጋውን አስቀድሞ ተቀብሎ ማኅበሩ ውስጥ አስገባ።

አስናቀ የመጣው በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ነው። በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከስቷል። ቆላው ፀጉሩን አሽብቶታል።

«ዘንድሮ ቆላ አልወርድም። ጉልበቴ አለቀ። እኩል አራሹንም አሰናበትሁት። መሬቴን ራሴ ላርስ ነው» አለ።

«ደግ አደረግህ።»

«ጥማድ ግን የለኝም።»

ጌጡ መሬት መሬት አየ።

«በሬዬን አላልሁህም» አለ አስናቀ። «እሱን አንተ ታውቃለህ። እነዚህን ሁለቱን ለአንድ ሳምንት አውሰኝ። ገብሴን ዘርቼ እመልሳቸዋለሁ።»

«ሰጥቻቸዋለሁ። ግንቦትን ሙሉ በኪራይ ሰጥቻቸዋለሁ። ዋጋውንም ወስጃለሁ።»

«ለምን?»

ጌጡ ነገረው። ስለ ማኅበሩ፣ ስለ ነጥቡ፣ ስለ ጥሩወርቅ ዓይን ነገረው። በመጨረሻም እንዲህ አለው፦ «ሰኔ ሠላሳ ይለፍ ብቻ። በሬህን ራሱን እየነዳሁ አመጣልሃለሁ። ቀይ።»

«ሰኔ ሠላሳ?» አስናቀ ሳቀ። «በሰኔ ሠላሳ በሬ ምን ያደርግልኛል? ዘሩ አልፎ! ልረደው ነው?»

«ለሚመጣው ዓመት ይሆንሃል።»

«ለሚመጣው ዓመት» አለ አስናቀ። ቆይቶ ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከተ። ጥሩወርቅ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ወደ ምድጃው ስትሄድ አያት። ሳቁ ጠፋ። «ለሷ ከሆነ ይሁን።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ጌጡ ግን አፉን አልያዘም።

«አንተም አባል ሁን እንጂ» አለ። «መመዝገቢያውን እኔ እከፍላለሁ። አንተን ካስገባሁ ነጥብ ይጨመርልኛል። አንድ የጋይንት ነጋዴ በትንሽ ነጥብ ይበልጠኛል።»

አስናቀ ቀና ብሎ አየው። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሬ ነበርሁብህ» አለ። «ዛሬ ደግሞ ነጥብ ሆንሁ?»

«እንደሱ አትበል፣ ወንድሜ።»

«ምን ብዬ ልበል? ተነሥ፣ እንሂድ። ከዚህ በኋላስ ከእኔ ላይ የምትወስደው ምን ቀረ!»

ገሳይ ወርደው አስናቀ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ጣቱን በሱሪው እየጠረገ ወጣ። ሀብታሙ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አያ ጌጡ፣ መሪ ሆነዋል» አለ። ጌጡ ደስ አለው። ደስታው እስከ ቤቱ ድረስ ቆየ።

ቤት ሲደርስ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ሁሉንም ሰምታለች፤ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጆሮዋ አንድ ነገር አያመልጠውም።

«ነገ ውረድና ገንዘቡን አውጣ። በሬውን ግዛለት።»

«ነጥቡ ይሰረዛል።»

«ይሰረዝ።»

«ባሕሩስ?»

«ባሕሩ የትም አይሄድም። የሚሄደው ግንቦት ነው።»

«የሚሄደው ዓይንሽ ነው!» ብሎ ጮኸ ጌጡ። በኖሩበት ዘመን ጮኾባት አያውቅም ነበር። «ለማን ብዬ መሰለሽ? ለራሴ ብዬ ነው?»

«እኔ የዳንሁት በዚያ በሬ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ልጅህም ያ በሬ ናት። በአስናቀ በሬ ላይ ተቀምጬ ባሕር ልይ?»

ጌጡ ወጥቶ በሬዎቹ ዘንድ ቆመ። ገንዘቡን ግን አላወጣም። ለሰኔ ሠላሳ የቀረው ጥቂት ነው፤ ጥቂት ቢታገሡት ሁሉም ይደርሳል ብሎ አሰበ። ገበሬ ሆኖ ይህን አሰበ። የዘር ወቅት ሰውን እንደማይጠብቅ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

በግንቦት ዝናቡ በጊዜው ዘነበ። የጌጡ በሬዎች በየሰው ማሳ ዋሉ። አስናቀ በዶማ ቆፈረ። ዓይናለም ከኋላው ጓሉን ትከሰክሳለች። በሁለት ሳምንት የቆፈሩት ከግቢው ጥግ እስከ ግራሩ ያለውን ብቻ ነው። የቀረው አረም በቀለበት። እኩል አራሹ ሌላ መሬት ይዟል፤ ሌላም ሰው አልተገኘም። ጌጡ በየማለዳው በሬዎቹን ለተከራይ ሊያስረክብ ሲያልፍ የዶማውን ድምፅ ይሰማል። መንገዱን ቀየረ።

በሰኔ አጋማሽ አስናቀ ማጭዱንና ጋቢውን ይዞ መተማ ወረደ። ለስንብት አልመጣም።

ሰኔ ሠላሳ ገሳይ ላይ ሰው ተሰበሰበ። የጋይንቱን ነጋዴ ጌጡ በጥቂት ነጥብ በለጠው፤ የበለጠባት ነጥብ ያቺ የአውራ ጣት ነጥብ ነበረች። አጨበጨቡለት፤ ፎቶ አነሡት። ሀብታሙ «አያ ጌጡ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ!» ቢለው ፈገግ አለ። ገንዘቡን ከጉዞው መልስ እንዲወስድ ተነገረው።

ጉዞው መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን፣ ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሆነ። ጥሩወርቅ መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር። ፍቅርተ አለቀሰች። «እናቴ፣ አሁን ብትቀሪ ለማን ይጠቅማል?» አለች። ጥሩወርቅ የዓመት በዓል ቀሚሷን ለበሰች።

ሚኒባሱ ገሳይ ላይ ሊነሣ ሲል አንድ የጭነት መኪና ከፊቱ ቆመ። ከላይ ሰው አወረዱ፤ ሁለት ሰዎች በብብቱ ደግፈውት ነበር። በፀሐይ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ጌጡ በመስኮቱ አየው። አስናቀ ነው። አስናቀም ቀና ሲል አየው፤ የታመመ ሰው ዓይን ማንን እንደሚያይ ግን አይታወቅም። ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። ጌጡ «አቁም» ለማለት አፉን ከፈተ። ወባ ነው፣ ይድናል፤ ስመለስ በሬውን ይዤ እጠይቀዋለሁ አለ በልቡ። አፉን ዘጋ።

«ምን አየህ?» አለች ጥሩወርቅ።

«ምንም።»

ጣና በክረምት ነጭ አይደለም። ወንዞቹ አፈር አውርደውበት ቡናማ ሆኗል። ጀልባዋ ላይ ሦስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለፍቅርተ ሁሉ ነገር ሥዕል ነው፤ ስልኳን አላወረደችም። ጥሩወርቅ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች። ብርሃን እንጂ ሌላ የቀረላት አልነበረም። እጇን አውጥታ ውኃው ውስጥ ነከረች።

«ነጭ ነው?» አለች።

ጌጡ ውኃውን አየ። «ነጭ ነው» አለ።

«ጉናስ ከዚህ ይታያል?»

ወደ ምሥራቅ አየ። ደመና ነው። «አይታይም።»

«ከሥሩ የቀሩትንም አናያቸውም ማለት ነው» አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳለ የፍቅርተ ስልክ ጮኸ። ይሻው ነው። ልጅቱ ሰማች፤ ስልኩን አወረደች፤ አባቷን ማየት አቃታት።

«አያ አስናቀ አርፈዋል። ጠዋት። ቀብሩ አሁን አልቆ ሰው እየተመለሰ ነው። ሲፈልጉን ስልኬ አልሠራ ብሏቸው ነው።»

ጌጡ ተነሣ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። በዚያ አገር ሰው ጠላቱንም ይቀብራል። የጌጡ ትከሻ ግን ከአስናቀ ቃሬዛ ሥር አልገባም። ሽርሽር ላይ ነበር። ጥሩወርቅ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሰው በሚስቅበት በረንዳ ላይ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች፤ አስተናጋጁ መጥቶ ምን እንደጎደላቸው ጠየቀ።

በማግሥቱ ከሚኒባሱ ወርደው በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄዱ። ዓይናለም መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ጌጡ ከፊቷ ተንበረከከ።

እሷ ቀደመችው። «ባሕሩ እንዴት ነበር?» አለች።

የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ወደ ጌጡ ዞሩ።

ጌጡ ገንዘቡን ከማኅበሩ አወጣ። ከዚያ በየገበያው ዞረ። ገሳይ ወረደ፤ ሐሙሲት ድረስ ሄደ። ነጋዴዎቹ ጥቁሩንም ዳልቻውንም ያሳዩታል፤ እሱ አይነካውም። «ቀይ ነው የምፈልገው» ይላል። «ሰውዬ፣ የምታርሰው በቀለሙ ነው?» ብለው ይስቁበታል። በፍልሰታ ማብቂያ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ አገኘ። ሻኛው የቆመ፣ ጉልበቱ ያልተነካ ወይፈን ነው፤ ቀይ። የተጠየቀውን ሳይከራከር ከፈለና እስከ መንደሩ በእግሩ ነዳው።

የደረሰው የአስናቀ አርባ ሊወጣ በዋዜማው ነው። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ። ዓይናለም ከደጅ ቆማለች።

«የማን በሬ ነው?» አለች።

«የአስናቀ ነው።»

በሬውን ከቀንዱ እስከ ጭራው አየችው።

«እንዳትሸጪው» አለ ጌጡ ቶሎ ቶሎ እየተናገረ። «ከእኔ አንዱ ጋር አጣምጄ እኔ ራሴ አርስልሻለሁ። በሚመጣው ግንቦት መሬትሽ ጦም አያድርም።»

«በሚመጣው ግንቦት» አለች ዓይናለም። «ነገ ካህናቱ ይመጣሉ። አገሩ ይመጣል። ቤቴ ውስጥ ያለው አንድ በግ ነው፤ እሱንም ይሻው ነው ያመጣልኝ። ባሌ አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቀው በሬ ይኸው መጣለት። ለራሱ ይሁነው።»

«ዓይናለም፣ እባክሽ። ይህ የእርሻ በሬ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። ወደ ወንዶቹ ዞረች። «ጠዋት እረዱት።»

ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ በእጇ እየፈለገች መጣች። የበሬውን አንገት አገኘች፤ ሻኛውን ዳበሰች።

«ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ» አለ ጌጡ።

«ያኛውም ቀይ ነበር» አለች።

ጠዋት ሰው ሲያንስ ይሻው ጌጡን ጠራው። «ና፣ ቀንዱን ያዝ» አለው። ያዘ። በሬው ብርቱ ነበርና እስኪወድቅ ታገላቸው። ጌጡ ቀንዱን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም።

ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው ዳሱ ሞላ። ዓይናለም ሰውን ሁሉ ራሷ አስተናገደች። ጌጡ ከበሩ አጠገብ፣ ከሰው በታች ተቀምጦ ነበር። መሶቡን ከፊቱ አቀረበች። ወጡን በጭልፋ ቀድታ ሥጋውን ከእሱ በኩል አደረገች።

«ብላ» አለችው። «ከእንግዲህ አንተ ዘንድ ምንም የለንም።»

ሰው ያየው ነበር። ጌጡ ቆረሰ፤ ጎረሰ። ሥጋው ለስላሳ ነበር፤ ቀንበር ያልነካው በሬ ሥጋ። ዋጠው።

«ነፍስ ይማር» አለ።